የትሮምቦን ቡድን ወደ ፌስቲቫል መድረክ፦ ከባሱ ጀምሩ

ተማሪዎችና የሰፈር ነፊዎች ተቀላቅለው የትሮምቦን ቡድን ሲያቋቁሙ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «አንደኛውን ድምፅ ማን ይያዝ?» የሚል ነው። መቅደም ያለበት ግን «ባሱን ማን ይያዝ?» የሚለው ነው። ትሮምቦን እንደ ማሲንቆ ነው፤ ድምፁ የት እንዳለ የሚጠቁም ምልክት በላዩ የለም፣ ቦታውን የሚያገኘው ጆሮ ነው። ጆሮ ደግሞ የሚደገፍበት ይፈልጋል። ከሥር ያለው ድምፅ ከሳሳ ወይም ከዋለለ ከላይ ያሉት ሁሉ በየፊናቸው ይሄዳሉ። አንደኛው ነፊም ሁሉንም ለመጎተት ብሎ ይጮኻል፣ አሥረኛው ደቂቃ ላይ ከንፈሩ ይዝላል፣ የመጨረሻው ሥራ መድረክ ላይ ይበላሻል።

ከዚህ በታች ያለው መመሪያ 12 ሰው ላለው፣ በሳምንት አንድ ቀን ለሚገናኝና ፌስቲቫሉ 20 ደቂቃ ለመደበለት ቡድን የተሰላ ነው። ቁጥሩ ቢለያይም ስሌቱ ያው ነው።

ማን የት ይግባ

ለአራት ድምፅ ሥራ (ከላይ ወደ ታች አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛና ባስ) 12 ሰው ሦስት ሦስት ሆኖ ይከፈላል። ባስ ላይ ሁለት ሰው ይበቃል የሚሉ አሉ፤ ሁለቱም ባለሙያ ከሆኑ ይበቃል፣ በተማሪ ቡድን ግን አንዱ ሲተነፍስ መሠረቱ ይጠፋል። ከሦስቱ አንዱ እውነተኛ ባስ ትሮምቦን ይያዝ፤ የስላይዱ (የሚሳበው ቱቦ) የውስጥ ስፋት አብዛኛውን ጊዜ 14.3 ሚሊ ሜትር ነው። ሌሎቹ ሁለቱ ባለ ኤፍ ቫልቭ ትልቁን ቴነር (መደበኛ ትሮምቦን)፣ 13.9 ሚሊ ሜትሩን፣ ይያዙ። 12.7 ሚሊ ሜትር የሆነው ቀጭኑ ቴነር ለአንደኛ ድምፅ ይመቻል፤ ባስ ላይ ሲነፋ ግን ድምፁ ይሰነጠቃል።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ አጣሩ። ቫልቩ ሲጫን ቱቦው ስለሚረዝም በእያንዳንዱ ፖዚሽን (ስላይዱ በሚቆምበት ቦታ) መካከል ያለው ርቀትም ይጨምራል፤ ሰባት የነበረው ፖዚሽን ስድስት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ቫልቭ ባለው ትሮምቦን ላይ ከፔዳል (ከመሣሪያው የመሠረት ድምፅ) ቢ ፍላት በግማሽ ቃና ከፍ የሚለው ቢ ናቹራል አይገኝም። የባሱ ኖታ ውስጥ ይህ ድምፅ ካለ ባለ ሁለት ቫልቭ ባስ ለያዘው ሰው ብቻ ስጡት፣ ሌሎቹ ከላይ ባለው ኦክታቭ ይንፉት።

ጆሮው የተሻለውን ሰው ባስ ላይ አድርጉ፣ ቀጥሎ ያለውን ሁለተኛ ድምፅ ላይ። ሁለተኛው ድምፅ የኮርዱን (አብረው የሚነፉት የዶ፣ የሚና የሶል ድምፆች) «ሚ» ደጋግሞ ስለሚይዝ ስህተቱ ወዲያው ይሰማል። አንደኛ ላይ ከጉልበት ይልቅ ጽናት ያላቸውን ሦስት ሰዎች አስቀምጡና በየሥራው አፈራርቋቸው። ሦስተኛው ድምፅ ለአዳዲሶቹ ይሁን። ክንዱ ገና አጭር የሆነ ልጅ ስድስተኛና ሰባተኛ ፖዚሽን ላይ ሲደርስ ትከሻውን ያጣምማል፣ ማውዝፒሱም ከከንፈሩ ይንሸራተታል። ባለ ቫልቭ መሣሪያ ከተገኘለት በስድስተኛ ፖዚሽን የሚነፉትን ሲ እና ዝቅተኛውን ኤፍ በቫልቭ አንደኛ ፖዚሽን ላይ ያገኛቸዋል። ካልተገኘለት እነዚያን ድምፆች ከኖታው አውጡለት፤ ማንም አያውቅባችሁም።

ከማርሽ ባንድ የወጡ ታላላቆች ካገኛችሁ ዕድለኞች ናችሁ። በኢትዮጵያ የብራስ (የነሐስ ትንፋሽ መሣሪያ) ሙዚቃ ከሠራዊትና ከቤተ መንግሥት ባንድ ጋር የተሳሰረ ነው። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40 ወላጅ አልባ አርመናውያን፣ «አርባ ልጆች» የተባሉት፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የንጉሣዊው መንግሥት ብራስ ባንድ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ባንዶች ብዙ ነፊ አፍርተዋል። ከዚህ ቤት የመጣ ሰው ጊዜ አይስትም፣ ቆሞ መንፋት አይከብደውም። ነገር ግን ሜዳ ላይ ለመሰማት የለመደውን አጭርና ጠንካራ ምላስ ወደ አዳራሽ ይዞት ይገባል። «ጋሼ፣ እዚህ ላይ ድምፁ ይርዘም» ብሎ በአክብሮት ማስታወስ የመሪው ሥራ ነው፤ ከልጆቹ አንዱ ቢናገረው አያምርም። በእንግሊዝ ዓይነት ብራስ ባንድ ያደጉ ነፊዎች ደግሞ ቴነር ትሮምቦንን የሚያነቡት በትሬብል ክሌፍ (ለከፍተኛ ድምፆች በሚያገለግለው የኖታ ምልክት) ነው። የባስ ክሌፍ ኖታ ከፊታቸው ብታኖሩ ሁለት ልምምድ በከንቱ ይሄዳል። ኖታውን በሁለቱም ክሌፍ አዘጋጁላቸው።

ሥራ መምረጥ

20 ደቂቃ ተሰጣችሁ ማለት 20 ደቂቃ ሙዚቃ ማለት አይደለም። መግቢያና መውጫ 3 ደቂቃ፣ በየሥራው መሃል ጭብጨባና ኖታ መገልበጥ ሌላ 2 ደቂቃ ይወስዳል። ከ14 ደቂቃ በላይ አታዘጋጁ። ጊዜ ያሳለፈ ቡድን በውድድር ላይ ነጥብ ሊቀነስበት ይችላል፣ ውድድር ባይሆን ደግሞ ከኋላው የሚጠብቀውን ቡድን ያስቀይማል።

አራት ሥራ ይበቃል። መክፈቻው ሰፊ፣ ዝግ ያለና ከፍ የማይል ኮራል (በኅብረት የሚዜም የመዝሙር ዓይነት) ይሁን፤ አዳራሹን የምትሰሙት፣ አየራችሁን የምታረጋጉት በእሱ ነው። ለዚህ ዓይነት ሥራ ትሮምቦን የቆየ ባህል አለው። በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ፣ ቤተልሔም በምትባለው ከተማ የሞራቪያ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን እ.ኤ.አ. ከ1754 ጀምሮ በትሮምቦን ቡድን ኮራል ይነፋሉ፤ ከሶፕራኖ እስከ ባስ ያለውን የመዝሙር ድምፅ ሁሉ የሚይዙት ትሮምቦኖች ናቸው። ቤትሆቨንም እ.ኤ.አ. በ1812 ሊንዝ ከተማ ሳለ ለአራት ትሮምቦን ሦስት አጫጭር «ኤኳሊ» (በአንድ ዓይነት መሣሪያ ብቻ የሚነፉ ሥራዎች) ጽፏል፤ ከእነዚህም ሁለቱ በ1827 በራሱ ቀብር ላይ ተሰምተዋል። አጭር ናቸው፣ የቅጂ መብት አይጠየቅባቸውም። የላይኛው ድምፅ ግን ከፍ ስለሚል ለተማሪ አንድ ቃና ዝቅ አድርጎ መጻፍ ይሻላል።

ከባዱ ሥራ ሁለተኛ ይምጣ፤ ከንፈር ሞቆ ገና ሳይዝል። ሦስተኛው ቀለል ያለ ወይም በአራት ሰው ብቻ የሚነፋ ይሁንና የቀሩት ስምንቱ ይረፉ። ለመዝጊያ የራሳችሁን ነገር አምጡ። የትዝታ ቅኝት በቢ ፍላት ለትሮምቦን የተሠራ ይመስላል፦ ቢ ፍላት፣ ሲ፣ ዲ፣ ኤፍ፣ ጂ። ከእነዚህ ሦስቱ፣ ቢ ፍላት፣ ዲ እና ኤፍ፣ አንደኛ ፖዚሽን ላይ ይገኛሉ። እያንሸራተቱ መግባት፣ ድምፁን ማስለቀስ፣ ማሲንቆና ድምፃዊ የሚያደርጉት ሁሉ በስላይድ ይቻላል። ዜማውን ለአንድ ነፊ ስጡ፣ ሌሎቹ ቢ ፍላትና ኤፍ ይዘው ይቆዩ። ዜማው ላይ በየቃናው ኮርድ መደርደር የቅኝቱን ጠባይ ይገድለዋል። ሌላው የተለመደ ስህተት ከታች ድምፆችን ማጠጋጋት ነው፤ በባሱና በሦስተኛው ድምፅ መካከል ቢያንስ የአምስተኛ ርቀት (ከ«ዶ» እስከ «ሶል» ያህል) ካልተተወ የሚሰማው ጭቃ ነው።

ለአንደኛ ድምፅ ጣሪያ አብጁለት። ተማሪ ሳይጨነቅ የሚይዘው ከባስ ክሌፍ መስመሮች በላይ ሁለተኛውን ተጨማሪ መስመር አልፎ የሚቀመጠውን ኤፍ ያህል ነው። ከዚያ በላይ ያለው በሥራው ውስጥ አንድ ሁለት ጊዜ ብልጭ ይበል እንጂ መኖሪያ አይሁን።

ስላይድና ጆሮ

ከ90 ደቂቃ ልምምድ 25 ደቂቃውን ለዚህ ስጡ። ብዙ ቡድኖች 2 ደቂቃ ቱነር (ቅኝት የሚያሳየውን መሣሪያ) አይተው ወደ ኖታው ይሮጣሉ፤ ልዩነቱ ፌስቲቫሉ ላይ ይሰማል።

መሣሪያው ሳይሞቅ አትቃኙት። ቀዝቃዛ ትሮምቦን ዝቅ ይላል፣ ከ10 ደቂቃ ንፊያ በኋላ ከፍ ይላል። ሲሞቅ ባሱ ብቻ ቱነር እያየ በኤ 440 መሠረት ቢ ፍላት ይያዝ። ሦስተኛዎቹ በጆሯቸው ይግቡበት፣ ከዚያ ሁለተኛዎቹ፣ በመጨረሻ አንደኛዎቹ። ሁሉም የየራሱን ቱነር ካየ ዓይን ይሠራል፣ ጆሮ ይተኛል። ከዚያ ኤፍ ደግመው ይፈትሹ፤ ባለ ቫልቮቹ የቫልቩን ቱቦ ለብቻው ይቃኙ፣ ዋናውን ቱቦ አስተካክሎ የቫልቩን መርሳት የተለመደ ነው።

መጠኑን በቁጥር እወቁት። አንድ ግማሽ ቃና 100 ሴንት ነው። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ፖዚሽን 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ እንግዲህ ከውስጥ በኩል 1 ሴንቲ ሜትር መንቀሳቀስ 12 ሴንት ገደማ ይቀይራል። ወደ ውጭ በሄዳችሁ ቁጥር ርቀቱ ይሰፋል፤ ከስድስተኛ ወደ ሰባተኛ 11 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ጀማሪ ሁሉንም ፖዚሽን እኩል ርቀት ላይ ስለሚያደርግ ነው አምስተኛና ስድስተኛ ላይ ሁልጊዜ ከፍ የሚልበት።

ሜጀር ኮርድ ጥርት የሚለው «ሶል» 2 ሴንት ከፍ፣ «ሚ» 14 ሴንት ዝቅ ሲል ነው። ኮርዱ ማይነር ከሆነ በ«ሚ» ቦታ የሚመጣው ድምፅ 16 ሴንት ከፍ ይላል። ልምምዱ እንዲህ ነው፦ ባሱ «ዶ»ን ይይዛል፤ «ሶል» ይገባል፣ በሁለቱ መካከል የሚሰማው «ው–ው–ው» የሚል መንቀጥቀጥ እስኪጠፋ ስላይዱን በጥቂቱ ያንቀሳቅሳል። «ሚ» በመጨረሻ፣ ከሁለቱም ለስልሶ ይገባል። «ሚ» ከጮኸ ኮርዱ በትክክል የተቃኘ ቢሆንም የተበላሸ ይመስላል። ይህን በቢ ፍላት፣ በኢ ፍላትና በኤፍ፣ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ ሥሩ። ሚናውን አለዋውጡ፤ ሁሉም አንድ ጊዜ «ሚ» ሆኖ ይወቀው።

አሁን መሣሪያው ራሱ ወደሚያስቸግርባቸው ሁለት ድምፆች እንምጣ። የመጀመሪያው ከባስ ክሌፍ በላይ፣ በመጀመሪያው ተጨማሪ መስመር አናት ላይ የሚቀመጠው ዲ ነው። በአንደኛ ፖዚሽን ሲነፋ በተፈጥሮው 14 ሴንት ዝቅ ይላል። የቢ ፍላት ኮርድ «ሚ» ሆኖ ሲመጣ ልክ የሚፈለገው ይኸው ነው፣ አትንኩት። ያው ዲ በጂ ኮርድ ውስጥ «ሶል» ሆኖ ከመጣ ግን ጎልቶ ይዘቅጣል፤ ያኔ በአራተኛ ፖዚሽን ይነፋ። በአንደኛ ፖዚሽን ማንሳት የሚፈልግ ሰው ስላይዱን ከአንደኛ ወደ ውስጥ መግፋት ስለማይችል ዋናውን ቱቦ አስቀድሞ ትንሽ ከፍ አድርጎ ቃኝቶ አንደኛ ፖዚሽኑን 1 ሴንቲ ሜትር ወጣ አድርጎ መያዝ አለበት። ሁለተኛው አስቸጋሪ ከላይ በሦስተኛው ተጨማሪ መስመር ላይ የሚቀመጠው ጂ ነው። በሁለተኛ ፖዚሽን 31 ሴንት ስለሚጎድለው ስላይዱ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ወደ ውስጥ መግባት አለበት፣ ወይም በአራተኛ ፖዚሽን ይነፋል። አንዱ በሁለተኛ ሌላው በአራተኛ ከነፋው ቀለሙ ስለሚለያይ ለየሥራው አንዱን መርጣችሁ ኖታው ላይ ቁጥሩን በእርሳስ ጻፉ።

ስለ ምላስም አንድ ነገር። ስላይድ በሁለት ድምፆች መካከል ሲሄድ አየሩ ካልተቋረጠ ይጎተታል። ተያይዞ እንዲነፋ የተጻፈውን ሁሉም በ«ዱ» ይንፋው፣ ተለያይቶ እንዲነፋ የተጻፈውን በ«ቱ»። ስላይዱ ከምላሱ ጋር እኩል፣ በመጨረሻዋ ቅጽበት ፈጥኖ ይሂድ። ጀማሪ ቀድሞ ቀስ ብሎ ይጀምራል፤ የሚሰማው የድመት ጩኸት የሚመጣው ከዚያ ነው።

አሥሩ ሳምንት

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ልምምዶች ሁሉንም ሥራ ከዳር እስከ ዳር ለማንበብና ክፍል ለመለዋወጥ ናቸው። ከሦስተኛ እስከ ስድስተኛ ባለው ጊዜ ባስና ሦስተኛ አንድ ክፍል፣ አንደኛና ሁለተኛ ሌላ ክፍል ሆነው ግማሹን ሰዓት ለየብቻ ይሥሩ። ሰባተኛው ላይ ትንፋሽ ተመድቦ ያልቅ፦ ሦስት ሰው በአንድ ድምፅ ላይ ሲሆን አንድ ቦታ ላይ ሦስቱም አይተንፍሱ፣ የየአንዳንዱ ኖታ ላይ ይጻፍ። ስምንተኛው ላይ በፌስቲቫሉ ቅደም ተከተል፣ ሳይቆም፣ ሰዓት ተይዞ ሁለት ጊዜ ይነፋ፤ ሁለተኛው ዙር ላይ የሚዝለው ሰው ማን እንደሆነ ታያላችሁ፣ አንደኛውን ማፈራረቅ የምታስተካክሉት ያኔ ነው። ዘጠነኛው ቆማችሁ። በአሥረኛው ሳምንት ከ45 ደቂቃ አትለፉ፣ በዋዜማው ደግሞ ጭራሽ ጮክ ብላችሁ አትንፉ። የደከመ ከንፈር በአንድ ሌሊት አይመለስም።

እስከ ስድስት ሰው ያለ መሪ መንፋት ይቻላል፤ አንደኛው ነፊ አንድ ምት ቀድሞ በሚሰማና በሚታይ ትንፋሽ ያስገባል። ከስምንት በላይ ከሆናችሁ መሪ ይቁም።

ቦታና ድምፅ

ግማሽ ክብ ሠርታችሁ ቁሙ፤ ባሱን መሃል አድርጉት፣ ሁሉም እንዲሰማው። በሰውና በሰው መካከል 90 ሴንቲ ሜትር፣ ከፊት 1 ሜትር ተኩል ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። ስላይድ እስከ ሰባተኛ ከ55 ሴንቲ ሜትር በላይ ይወጣል፣ የፊተኛውን ጀርባ የሚመታው እሱ ነው። የኖታ ማስቀመጫውን ዝቅ አድርጉና ወደ ጎን ጥቂት አዙሩት። የትሮምቦን ድምፅ ከቤሉ (ከሰፊው የድምፅ መውጫ) ፊት ለፊት ስለሚወጣ ቤሉ ከብረቱ ኋላ ከተደበቀ የሚሰማው ግማሹ ነው።

ማይክ ካለ ለየሰው አንድ አንድ አትቀበሉ። ከቡድኑ ፊት 2 ሜትር ርቀው፣ ከቤሎቹ ከፍ ብለው የተተከሉ ሁለት ማይኮች ሚዛኑን እንዳለ ያነሱታል። ለድምፅ ፍተሻ 10 ደቂቃ ከተሰጣችሁ ሙሉ ሥራ አትንፉ፦ የመዝጊያውን ከፍተኛ 8 ሜዠር፣ የመክፈቻውን ለስላሳ 8 ሜዠር ንፉ፣ በዚያው ጊዜ አንድ ሰው አዳራሹ መጨረሻ ሄዶ ያዳምጥ።

ሚውት (ድምፅ ለማፈን ቤሉ ውስጥ የሚገባ መሰኪያ) የሚፈልግ ሥራ ካለ ለማስገባት ቢያንስ 4 ሜዠር ዕረፍት ይኑር፤ ቡሹ ላይ በትንፋሽ እፍ በሉበት፣ እርጥበቱ እንዳይወድቅ ይይዘዋል። ቀጥ ያለው ሚውት ድምፁን ከፍ ስለሚያደርግ ስላይዱ ትንሽ ይውጣ።

የዕለቱ ነገር

ከመድረኩ አንድ ሰዓት ተኩል ቀድማችሁ ድረሱ። 20 ደቂቃ በለስላሳ አሙቁ፣ ከዚያ 10 ደቂቃ ዕረፉ። ፌስቲቫል ሁልጊዜ ይዘገያል፤ በዚህ ጊዜ ልጆቹ በጭንቀት ከፍ ያለውን ድምፅ ደጋግመው ይሞክራሉ፣ ከንፈራቸውን ጨርሰው ይገባሉ። ከልክሏቸው። ማውዝፒሱ በመዳፍ ውስጥ ይሙቅ፣ በየ10 ደቂቃው መሣሪያው ውስጥ ያለ ድምፅ ሙቅ አየር ይነፋ። ውሃ ይጠጣ፤ ወተትና ጣፋጭ ይቆዩ።

አንድ ሰው የሚይዘው ቦርሳ ይኑር፦ የስላይድ ክሬምና በውሃ የተሞላ መርጫ፣ የተጣበቀ ማውዝፒስ ማውጫ፣ ሁለት ትርፍ ማውዝፒስ (አንድ በቀጭን አንድ በወፍራም እግር፣ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም)፣ ለቫልቭ ዘይት፣ እርሳስ፣ ሁለት ፎጣ፣ የኖታው ሙሉ ትርፍ ቅጂ፣ ውጭ ከሆነ ደግሞ 24 የልብስ መቆንጠጫ። ነፋስ ኖታ ሲወስድ ሙዚቃው ይቆማል። ማውዝፒስ ከተጣበቀ ፒንሳ አታስጠጉ፤ ፒንሳ የማስገቢያውን ቱቦ ያጣምመዋል። ስላይዱ በድንገት ከከበደ ብዙውን ጊዜ የደረቀ ነው፤ ሁለት ጊዜ ውሃ ይረጭበት። ከወደቀ ግን አንድ ሚሊ ሜትር ጉድጓድ እንኳ ስለሚያስቆመው መድረክ ላይ ለመጠገን አትሞክሩ፣ ትርፍ መሣሪያ አምጡ።

ስትገቡ የስላይዱ መቆለፊያ የተዘጋ ይሁን፤ ቆማችሁ ስትረጋጉ ትከፍቱታላችሁ። ባሱ ቀድሞ ይግባ፣ ቦታውን ይያዝ፣ ቀሪው በእሱ ላይ ይሰለፍ። መጨረሻ ላይ ከመሪው ጋር አብራችሁ ሰገድ በሉ፣ ስላይዱን ቆልፉ፣ በገባችሁበት ቅደም ተከተል ውጡ። የተጠራቀመውን ውሃ ወለል ላይ አታፍስሱ፤ ፎጣው ለዚህ ነው የመጣው፣ ከኋላችሁ የሚገባው ሰው ሊንሸራተት ይችላል።